አራት ጦር ያልኩ ቀን

ባለፈው ሐምሌ ፓዌ ውስጥ ዝናብ አባርሮኝ አንድ ሻይ ቤት ገብቼ ተቀምጬ ሳለ፣ ከጀርባዬ ካርታ ሲበወዝ ሰማሁ። ካርታ ሲበወዝ መስማት ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም፤ ይሄኛው ግን ለየት ያለ ነበር። ለሁለት የተከፈለው ካርታ ከአውራ ጣት ሥር እየተለቀቀ እርስ በርሱ ሲገባ ትርርር አለ፤ ቀጥሎ በሁለት እጅ እንደ ቀስት ጎብጦ ሹ ብሎ ወደቀ። ዞር ብዬ አየሁ። ከግድቡ ሥራ ለእረፍት የወጡ ጎረምሶች ናቸው፤ ኮንከር ሊጫወቱ ነው። ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ እጃቸውን ሳይ ቆየሁ። ልቤ ልክ እንደ ልጅነቴ ቅዳሜ ከሰዓት ይመታ ጀመር።

እንደዚያ አድርገው የሚበውዙ አንዲት ሴት አውቅ ነበር። ሲስተር ተዋበች ይባላሉ። አሶሳ ውስጥ ቤታቸውና ቤታችን በቀርከሃ አጥር ብቻ ይለያያሉ። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም ልብሳቸው የሕክምና አልኮል የሚሸት። በወጣትነታቸው ወለጋ ውስጥ በአንድ የሚሲዮን ሆስፒታል ሲሠሩ፣ የውጭ አገር ሐኪሞቹ ብሪጅ የሚባለውን የካርታ ጨዋታ ይጫወቱ ነበርና አራተኛ ሰው ሲጎድላቸው ወጣቷን ነርስ አስቀምጠው አስተማሯት። በኋላ በሰፈራው ዘመን ፓዌ ተመደቡ፤ ከዚያም አሶሳ። በሄዱበት ሁሉ ያንን ጨዋታ ይዘው ሄዱ። በረንዳቸው ላይ አራት የቀርከሃ ወንበርና አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ነበር። የማንጎ ወቅት ሲሆን የበሰለው ፍሬ ቆርቆሮው ላይ ዷ ብሎ ይወድቅና ሁሉም ሰው ሲደነግጥ እሳቸው ብቻ ዓይናቸውን ከካርታቸው አይነቅሉም።

እኔ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። እንተባተብ ነበር። ነበር ስል ልክ አይደለም፤ አሁንም እንተባተባለሁ። ያኔ ግን ይብስብኝ ነበር። «ጠ» እና «በ» ከከንፈሬና ከጥርሴ ጀርባ እንደ ድንጋይ ይቀመጡብኛል። ስሜ ብርቱካን ነው፤ ስሜን የጠየቀኝ ሰው መልሱን ሳይሰማ ይሰለቻል። በዚያ ዓመት ክፍል ውስጥ ቆሜ እንዳነብ ታዝዤ፣ የመጀመሪያዋ ቃል ላይ ተይዤ ስቀር ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ መጨረሻ ላይ መምህሯም አፏን በደብተር ሸፍና ሳቀች። በማግስቱ ትምህርት ቤት አልሄድም አልኩ። አባቴ ግብርና ቢሮ የሚሠራ፣ ከወሎ ተመድቦ የመጣ ሰው ነው፤ ለመነኝ፣ ተቆጣኝ፣ በመጨረሻ ዝም አለኝ። እናቴ ደግሞ ክረምቱ ካለፈ በኋላም አልመለስም ካልኩ አገር ቤት አያቴ ዘንድ ልትልከኝ አሰበች። እኔም በልቤ ተስማምቼ ነበር። አያቴ ጆሮዋ አይሰማም፤ አብረን ዝም ብለን እንኖራለን ብዬ።

ሲስተር ተዋበች የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። አብሯቸው የሚጫወት የባንክ ሠራተኛ ወደ ሌላ ከተማ ተቀይሮ ሄዷል። እናቴን «ልጅሽን ለቅዳሜ ቅዳሜ አውሺኝ» አሏት፣ ወንፊት እንደሚዋስ ሰው። እናቴ ልጄ እንኳን ከትልቅ ሰው ጋር ተቀምጣ፣ ብላ ሳትጨርስ፣ እኔን በዓይናቸው ጠቅሰው ወጡ። ተከተልኳቸው።

ጠረጴዛው ላይ አቶ ያሲንና መምህር ደርሰህ ነበሩ። አቶ ያሲን ገበያ ውስጥ ጨርቅና ከርከዴ የሚሸጡ የበርታ ብሔረሰብ ነጋዴ ናቸው። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔን «ያ ቢንት» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ከዚያ «አንተ» እያሉ ይቀጥላሉ። መምህር ደርሰህ ከጎጃም የመጣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፤ በቀጭን ሰውነቱ ላይ ትልቅ ሹራብ ይለብሳል፣ በአሶሳ ሙቀት።

ሲስተር ካርታውን በወዙና አንድ ነገር ነገሩኝ። በቃላቸው ነው የማስታውሰው።

«እዚህ ጠረጴዛ ላይ ጥሪ ሲጀመር ከቁጥር፣ ከካርታው ስም፣ ከፓስና ከእጥፍ ሌላ ቃል መናገር ክልክል ነው። ለእኔም ለእነሱም። አንደበታችን እኩል የታሰረ ነው፣ ብርቱዬ።»

ጨዋታው እንዲህ ነው። አራት ሰዎች ናቸው፤ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሁለቱ ጓደኛሞች። ለእያንዳንዱ አሥራ ሦስት ካርታ ይደርሰዋል። ካርታው ከመጣሉ በፊት ጨረታ አለ። በየተራ፣ ከስድስት በላይ ይሄን ያህል ዙር እናሸንፋለን፣ ሌላውን ሁሉ የሚበላው አዛዥም ይሄኛው ዓይነት ካርታ ይሆናል እያሉ ይጠራሉ። የሚቀጥለው ሰው ወይ ከዚያ በላይ ይጠራል፣ ወይ አልፌያለሁ ሲል ፓስ ይላል፣ ወይ ደግሞ አትችሉትም፣ ቅጣቱ እጥፍ ይሁን ብሎ «እጥፍ» ይላል። ሲስተር ለካርታዎቹ የአማርኛ ስም አውጥተውላቸው ነበር። ከታች ወደ ላይ አበባ፣ አልማዝ፣ ልብ፣ ጦር። ከፍተኛው ጦር ነው። የጓደኛህን ካርታ አታይም። ያለችህ ፍንጭ እሱ የጠራው ነው፤ ያልጠራውም። ከዚያ ወስነህ ትናገራለህ፤ አንዴ ከአፍህ ከወጣ መመለስ የለም።

እንዴት እንደያዘኝ ልነግራችሁ አልችልም። ከሳምንቱ ቀናት ቅዳሜ ብቻ ቀረችልኝ። ሌሊት ተኝቼ እንኳን ጣሪያው ላይ ልብና አልማዝ አያለሁ። እናቴ ሽንኩርት ስትከትፍ ቁርጥራጮቹን በአራት በአራት እመድባለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሲስተር ሁለት ነገር ብቻ አስተማሩኝ፤ የራስን እጅ ቆጥሮ ማወቅን፣ ከዚያ የሌላውን ሰው ዝምታ መስማትን። ክረምቱ ሳይጋመስ መምህር ደርሰህ «ይቺን ልጅ ከእኔ ጋር አድርጉልኝ» ማለት ጀመረ። ሲስተር ግን እኔን ለማንም አልሰጡም፤ ሁልጊዜ ፊት ለፊታቸው ነበርኩ።

አንድ ችግር ግን ነበር፤ ጦር። «ልብ» ከአፌ እንደ ውሃ ይፈስሳል። «ፓስ» ከትንፋሽ አይበልጥም። «እጥፍ»ም ደህና ነው። ጦር ላይ ግን የመጀመሪያዋ ድምፅ ምላሴን ከላንቃዬ ጋር ትሰፋዋለች። አንድ ቅዳሜ ስድስት ጥሩ ጦሮች ይዤ ፓስ አልኩ። ካርታው ተጥሎ ሲያልቅ ሲስተር እጄ ላይ የነበሩትን አንድ በአንድ ገልብጠው አዩና፣ ሌሎቹ የከርከዴ ሻይ ሊቀዱ ሲነሱ ጠብቀው ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቁኝ።

«የጠራሽው ካርታሽ ነው ወይስ ምላስሽ?»

ካርታዎቹን ሰብስቤ አቀበልኳቸው። እሳቸውም ጥያቄውን አልደገሙትም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን አፌን ከመክፈቴ በፊት ያቺን ጥያቄ ራሴን የማልጠይቅበት ጥሪ አልነበረም።

ነሐሴ ላይ ከጉባ ሁለት ሰዎች መጡ። የግድቡ ሥራ ላይ ያሉ መሐንዲሶች ናቸው፤ ለጉዳይ አሶሳ ሲመጡ እዚህ ብሪጅ የሚጫወቱ ሰዎች አሉ የሚል ወሬ ሰምተዋል። ትልቁ ኢንጂነር ሰሎሞን ይባላሉ፤ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ጨዋና ቆፍጣና ሰው። ውጭ አገር ሲማሩ ለዩኒቨርሲቲያቸው ይጫወቱ እንደነበር ተናገሩ። ጓደኛቸው ወጣት ነው፤ ፀሐይ ያጠቆረው ፊቱ ላይ የራስ ቁሩ ክር ያረፈበት ቦታ ነጭ መስመር ሠርቷል። ቅዳሜ በሠራተኞች መዝናኛ ክበብ እንግጠም አሉ። ሲስተር በደስታ ነው ብለው፣ ጓደኛቸው ማን እንደሆነች በአገጫቸው አሳዩ። ኢንጂነር ሰሎሞን ፈገግ አሉ። ክፉ ፈገግታ አልነበረም፤ ግን አየሁት።

ቅዳሜ ዕለት የክበቡ በረንዳ ሞላ። አሶሳ ውስጥ በክረምት ቅዳሜ ከሰዓት ምን አለና። ቢንጎ ሊጫወቱ የመጡት ወንበራቸውን አዞሩ፤ ባጃጅ ነጂዎች ዝናቡን ሰበብ አድርገው ገቡ፤ አባቴም ከቢሮ ጓደኞቹ ጋር ከኋላ ቆመ። እንደሚመጣ አልነገረኝም ነበር። አቶ ያሲን ሱቃቸውን ዘግተው መጥተው ከሲስተር ወንበር ጀርባ ተቀመጡ። ከእነዚያ ሰዎች አብዛኞቹ ብሪጅ ምን እንደሆነ አያውቁም፤ መምህር ደርሰህ በየመሃሉ በሹክሹክታ ያስረዳቸዋል።

ሁለት ሰዓት ያህል ተጫወትን። መሐንዲሶቹ ጎበዞች ነበሩ፤ እኛም አልተበለጥንም። አንዴ እነሱ፣ አንዴ እኛ እያልን የመጨረሻው እጅ ላይ ስንደርስ ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ እነሱ ይመራሉ። ካርታዬን አነሣሁ። ከጦር ስድስት፣ አስና ንጉሥ ያሉበት። የአልማዝ አስ፣ ሁለት ትናንሾች አጅበውት። የአበባ ንግሥት ከሁለት ትናንሾች ጋር። ከልብ አንዲት ምስኪን አራት ቁጥር።

ኢንጂነር ሰሎሞን «አንድ ልብ» ብለው ከፈቱ። ሲስተር ፓስ አሉ። ወጣቱ ካርታውን ከፍ ዝቅ አደረገና «አራት ልብ» አለ። ከአንድ ወደ አራት መዝለሉ በሩን በፊቴ እንደመዝጋት ነው፤ የምትናገሪው ካለሽ አሁኑኑ በትልቁ ተናገሪ ማለቱ ነው። ተራው የእኔ ሆነ።

ካርታዬ ምን እንደሚል አውቃለሁ። «አራት» አልኩ። ከዚያ ቆመ።

ያ ዝምታ ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ዝናቡ ጣሪያው ላይ ይወርዳል። ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣብቋል፣ አንገቴ ተገትሯል። ከአራት ልብ በኋላ በአራት የሚጀምር ጥሪ ብዙ አማራጭ የለውም፤ ስለዚህ ምን ልል እንደሆነ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ገብቶታል። ከኋላ አንዱ «ጦር ልትል ነው» ሲል ሰማሁ፤ ሲስተር ሳይዞሩ እጃቸውን አነሡና ፀጥ አሰኙት። በዚህ ጊዜ ኢንጂነር ሰሎሞን ካርታቸውን ደፍተው አስቀመጡ።

«ልጅቷን ለማሳፈር አይደለም» አሉ። «ግን በዚህ ጨዋታ የጥሪ መዘግየት ራሱ ለጓደኛ መልእክት ነው። ሲስተርም ያውቁታል። ጥሪዋን ወረቀት ላይ ትጻፍልን፤ ለእሷም ይቀላታል።»

እውነታቸውን ነው፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ሰው ሁሉ ወደ ሲስተር ዞረ። አባቴ አንድ እርምጃ ወደፊት ሲመጣ አየሁት። ሲስተር ዓይናቸውን ከእኔ ላይ ሳያነሡ፣

«ጥሪው የብርቱካን ነው፤ እሷ ትወስን» አሉ።

የክበቡ አስተናጋጅ ከሒሳብ መቀበያው ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥቶ አጠገቤ አስቀመጠ። አየሁት። እስክሪብቶውን ብይዝ በአንድ ቅጽበት ያበቃል። መስከረም ላይ ክፍል ውስጥም፣ ከዚያ በኋላም፣ ሁልጊዜ አንድ ሰው ወረቀት ሊያቀርብልኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ወረቀቱን በጣቴ ገፋሁት። ትንፋሼን ለቀቅኩና እንደገና ጀመርኩ። «አራት ጦ» አልኩ፤ ተያዘ፤ «ጦ» ብዬ ደገምኩ፤ እንባዬ መጣ፤ ማንም አልሳቀም። ከዚያ ወጣ።

«አራት ጦር።»

ከበረንዳው ላይ ትንፋሽ ሲለቀቅ ተሰማኝ። ግን ጨረታው አላለቀም ነበር። ኢንጂነር ሰሎሞን ካርታቸውን አነሡ፣ አሰቡና «አምስት ልብ» አሉ። ሲስተር በዚያው በተለመደው ድምፃቸው ወዲያው ፓስ አሉ፤ ዘግይቼ ከሆነ ከመዘግየቴ ምንም እንዳልወሰዱ ለሁሉም እንዲታይ ይመስለኛል። ወጣቱም ፓስ አለ። ዞሮ እኔው ላይ መጣ።

አምስት ጦር ማለት እችላለሁ። ቃሏን አንዴ አውጥቻታለሁ፤ አሁን ትሞቃለች፣ ሁለተኛዋ ትቀላለች። ሰው ሁሉ ይሄንኑ እየጠበቀ ነው፤ መምህር ደርሰህ ጣቶቹን ቆልፏል። እኔም እንደገና ልላት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ደጋግሜ ልላት ጓጓሁ። ያቺ ጥያቄ መጣችብኝ። የምትጠሪው ካርታሽ ነው ወይስ ምላስሽ? ድሮ ምላሴ ፈርቶ ይወስንልኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ ምላሴ ኮርቶ ሊወስንልኝ ነው።

ካርታዬን እንደ አዲስ አየሁ። አምስት ጦር ማለት ከአሥራ ሦስቱ አሥራ አንዱን አሸንፋለሁ ማለት ነው። ሲስተር ሁለቴ ፓስ ብለዋል፤ እጃቸው ባዶ ባይሆንም ደካማ ነው። ከየት አመጣዋለሁ? እነሱ ግን ራሳቸው አሥራ አንድ ዙር ሊያሸንፉ ቃል ገብተዋል። ሦስት ዙር ብንወስድባቸው ይወድቃሉ። በጦር አንድ ዙር አለኝ፤ ምናልባት ሁለት። የአልማዝ አስ አለ። አንዲት ነገር ብቻ ከሲስተር ብትገኝ። ፓስ ብል ቅጣቱ ልዩነቱን አይሞላም። ማድረግ ያለብኝ ታየኝ።

«እጥፍ» አልኩ። ያለምንም ችግር ወጣ።

ከኋላ የቅሬታ ጉምጉምታ ተሰማ። ፈራች አሉ መሰለኝ። ሲስተር ፊታቸው ላይ ምንም አልታየም። አንዲት ትንሽ ጦር ጣሉ። በደንቡ መሠረት የወጣቱ ካርታ ተገልጦ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ፤ ከጦር አንድ ብቻ ነበረው። በንጉሤ በላሁ። አሁን የጦር አሴን ብጥል በልብ ይበሏታል፤ ጦሮቼ ሁሉ ከዚህ በኋላ አይረቡም። የተዘረጋውን ካርታ እያየሁ ቆየሁ። የአልማዙ ረድፍ ረጅምና ጠንካራ ነው፤ ጊዜ ከሰጠኋቸው ኢንጂነሩ የማይፈልጉትን አበባ እዚያ ላይ ይጥሉታል። ስለዚህ አሁኑኑ መቅደም አለብኝ። ያን ያህል የታገልኩላቸውን ጦሮች ትቼ ትንሿን አበባ ጣልኩ።

ሲስተር ንጉሡን አወጡ። የተዘረጋው አስ በላው፤ ንግሥቴ ግን ከዚያ በኋላ የአበባ የበላይ ሆነች። ኢንጂነር ሰሎሞን አንዴ ልብ አስጣሉንና አልማዝ ጀመሩ። ወዲያው በአሴ በላሁና የአበባ ንግሥቴን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። ሦስት። ኢንጂነሩ የቀረውን ካርታቸውን አዩ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ገልጠው ዘረጉት።

«ወድቀናል» አሉ።

መምህር ደርሰህ እጥፉ ቅጣት ልዩነቱን ሞልቶ እንዳሸነፍን ለቆሙት ሰዎች ሲያስረዳ በረንዳው በጭብጨባ ተናወጠ። ወንበር ወደቀ፤ ከባጃጅ ነጂዎቹ አንዱ አንሥቶ ተሸከመኝ። አቶ ያሲን እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «ኸላስ፣ አለቀ፣ ያ ቢንት። ዛሬ አንተ አሸነፈ» አሉኝ። አባቴ ከኋላ እንደቆመ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ይጠርግ ነበር፤ ሲጠርግ ሲጠርግ አልጨርስ አለ።

ኢንጂነር ሰሎሞን ሰው እስኪቀንስ ጠብቀው ወደ እኔ መጡ። እንደ ትልቅ ሰው ነው ያናገሩኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አምስት ጦር ያላልሽው ቃሉ ስላስቸገረሽ ነው?»

ሲስተር ካርታውን እየሰበሰቡ ነበር፤ እጃቸው ቆመ።

«አይደለም» አልኩ። «ካካካርታው ነው።»

ጭንቅላታቸውን ነቀነቁና ጨበጡኝ። ሲስተር ካርታውን ለሁለት ከፍለው መበወዝ ጀመሩ፤ ያ ትርርር የሚለው ድምፅ ከወትሮው ይልቅ ፈጥኖብኝ ነበር።

መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ተመለስኩ። ያቺ መምህር እንዳነብ ስታዝዘኝ ተነሥቼ አነበብኩ። ረጅም ጊዜ ፈጀ፤ ሁለት ልጆች ሳቁ፤ አንብቤ ጨርሼ ተቀመጥኩ። ከሲስተር ጋር እስከ ዩኒቨርሲቲ መግቢያዬ ድረስ ተጫወትን። በኋላ ዓይናቸው እየደከመ ልብና አልማዝ መለየት ሲያቅታቸው፣ የእህታቸው ልጅ አዲስ አበባ ወሰደቻቸው። እዚያው አረፉ። ለቀብራቸው ስደርስ ከአሶሳ በአውቶቡስ የመጡትን አቶ ያሲንን አገኘሁ፤ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

አሁን ፓዌ በእርሻ ምርምር ነው የምሠራው፤ ከገበሬዎች ጋር በየሳምንቱ ስብሰባ አለኝ። ያን ዕለት ዝናቡ ካባራ በኋላ ከሻይ ቤቱ ወጥቼ ወደ ስብሰባው ሄድኩ። ስለ በቆሎ ዘር እየተነጋገርን አንድ የጉሙዝ ገበሬ እጁን አነሣ። አማርኛው ሁለተኛ ቋንቋው ነው። «መሬቱ እኮ» ብሎ ጀመረና ቃሉ ጠፋበት። ግራና ቀኝ የተቀመጡት ወዲያው ያቀብሉት ጀመር፤ ደረቀ ነው? ውሃ ያዘ ነው? ተሸረሸረ? ሰውየው እየተሳቀቀ ዝቅ አለ።

ያኔ ነው ከዚያ በፊት አስቤው የማላውቀው ነገር የገባኝ። ሲስተር ተዋበች በዚያ ሁሉ ዓመት፣ አፌ ውስጥ የቀረ አንድም ቃል ጨርሰውልኝ አያውቁም። ቃሉን እያወቁት። ሁልጊዜ።

«ተ-ተዉት፣ እሱ ይናገር» አልኩና እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ፊት ፊቱን እያየሁ ጠበቅኩ። ሰውየው መሬቱን አየ፣ እጆቹን አየ፤ ከዚያ ቀና ብሎ እኛ ማናችንም ያልገመትነውን ተናገረ።

«መሬቱ እኮ ደክሟል» አለ። «አንድ ዓመት ይተኛ።»

ልክ ነበር።